«ጠንከር ያለውን መድኃኒት ስጡኝ» ለሚሉ ሁሉ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ አንቲባዮቲክ የምታወጡትን ሳላነብ አላልፍም፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ በርቱ። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ሁልጊዜ የምትነግሩን ያንኑ ታሪክ ነው። ሕመምተኛው ክኒኑን ሳይጨርስ ተወው፣ ጀርሙ መድኃኒቱን ተላመደው፣ በቃ። እንደዚያ ይሆናል፣ አልክድም። ግን ክኒኑን በሰዓቱ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ውጦ፣ ላብራቶሪውም «ይሄ መድኃኒት ይሄን ጀርም ይገድለዋል» ብሎለት፣ ቁስሉ ወይ ፍንክች ያለበት ሰውም አለ። ስለዚህ ሰው የሚጽፍ አላየሁም። እኔ ጅማ ውስጥ ድሬሲንግ ክፍል የምውል ነርስ ነኝ። ቁስል ማጠብ ሥራዬ ነው፤ እንደዚህ ያለ ሰው ሳላይ የምውለው ከስንት አንዴ ነው። ደብዳቤው ከረዘመባችሁ ታገሡኝ።

ብዙ ጊዜ የሚመጡት ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ናቸው፤ ከማና፣ ከሰቃ፣ ከዴዶ በኩል። ቁስሉ እግር ሥር ነው። አንዳንዱ በቡና ለቀማ ሰሞን እሾህ ወግቶት የጀመረ ነው፤ አንዳንዱ ጫማ ልጦት፣ ስኳሩ እግሩን ስላደነዘዘው ሳይሰማው የከረመ። «አባባ፣ እስካሁን ምን ምን ወሰዱ?» ስላቸው ፌስታላቸውን ይፈታሉ። ባዶ የክኒን ማሸጊያ ነው የሚወጣው። አሞክሳሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን፣ ሲፕሮ፣ ሌላም ሌላም፤ ከየፋርማሲው የተለቃቀመ። ለዚህ ሁሉ ጀንፈል ተሽጧል፤ አንዳንዱማ ገና ዛፍ ላይ ያለ ቡና ነው የተሸጠው። ከዚያ ቀና ብለው «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ አልሆነኝም፤ እባክሽ ጠንከር ያለውን ስጡኝ» ይላሉ። አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ደግሞ ከጎን «በሰዓቱ አይወስዱም እኮ!» ብሎ ይቆጣል። እሳቸው ግን ወስደዋል። ሳይወስዱ ቀርተው ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር።

ፋሻው ሲፈታ ጠርዙ ነጣ ብሎ የጠነከረ ቁስል ይታያል። መሐሉ ላይ ስስ፣ ቢጫማ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ ሽፋን አለ። በሳላይን በረጠበ ጎዝ ጫን ብዬ ስጠርገው ይነሳል፤ ሥሩ ቀይ ሥጋ ብቅ ይላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስፈታው ሽፋኑ እንደገና ቦታውን ይዟል። ይሄ በዓይን የሚታየው ሁሉ የጀርም ሥራ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሞተ ሥጋም ከደም የወጣ ፋይብሪንም ይቀላቀልበታል፤ ባዮፊልሙን፣ ማለትም ባክቴሪያዎች ተለጥፈው የሚሠሩትን ሽፋን፣ ለይቶ ለማየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ግን ሳይንቲስቶች እንደዚህ ካሉ የከረሙ ቁስሎች ናሙና እየወሰዱ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ የመረመረ አንድ ሥራ፣ ከከረሙ ቁስሎች 78 በመቶ ያህሉ ላይ ባዮፊልም መገኘቱን አሳይቷል። ከአራት ቁስል ሦስቱ ላይ እንደማለት ነው።

ባዮፊልም ያልኩትን ላስረዳ። ባክቴሪያ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በደም ወይ በውሃ ውስጥ ብቻውን የሚንሳፈፍ ፍጥረት ነው። እንደዚያም ይኖራል። ቦታ ካገኘ ግን መለጠፍ ነው የሚወደው። ጥርስ ላይ፣ የሞተ ሥጋ ላይ፣ የሽንት ቱቦ ላይ፣ የተሰበረ አጥንት የያዘ ብረት ላይ፣ የውሃ ጀሪካን ውስጥ። መጀመሪያ ላላ ብሎ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ በቀላሉ ይታጠባል። ሰዓታት ሲያልፉ አጥብቆ ይይዝና ይባዛል፤ ከዚያ ዙሪያውን የሚያሟልጭ ነገር ያመነጫል፤ ውሃ ውስጥ ያደረ አብሽ የሚያወጣውን ዝልግልግ የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። ያ ዝልግልግ የተሠራው እርስ በርስ ከተያያዘ ስኳር፣ ከፕሮቲን፣ ከሞቱት ባክቴሪያዎች ከወጣ ዲኤንኤም ጭምር ነው። ባክቴሪያዎቹ እዚያ ውስጥ ተደራርበው ይኖራሉ፤ ብዙ ጊዜም አንድ ዓይነት ብቻ አይደሉም። ውሃና ምግብ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን መተላለፊያዎች በመሐላቸው አሉ። ሲደላቸው ጥቂቶቹ ተላቀው ይወጡና ሌላ ቦታ ሄደው ይለጠፋሉ።

ይሄን የሚያደርጉት ደግሞ እየተነጋገሩ ነው። እያንዳንዱ ጥቂት ኬሚካል ይለቃል፤ ሲበዙ ኬሚካሉም ይበዛል፤ መጠኑ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠባያቸውን ይለውጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎች ሱዶሞናስ የሚባለውን ባክቴሪያ ይሄን ኬሚካል መሥራት እንዳይችል አድርገው ሲያሳድጉት የሠራው ባዮፊልም ጠፍጣፋና ደካማ ሆኖ ተገኘ፤ በሳሙና መሰል ነገርም ተበተነ። መነጋገር የሚችለው ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። በዓይን የማይታይ ፍጥረት እንዲህ ሲተባበር ሳስብ እኔ እስካሁን ይደንቀኛል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ፤ ቁም ነገሩ እዚህ ነው።

ባዮፊልም ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ብቻውን ከሚንሳፈፈው ወንድሙ ይልቅ ከ10 እስከ 1000 እጥፍ የሚሆን የመድኃኒት መጠን ሊቋቋም ይችላል። ያን ያህል መጠን ለሰው መስጠት አይቻልም፤ ጀርሙ ሳይሞት ኩላሊቱ ይሞታል። ብዙ ሰው ምክንያቱ ዝልግልጉ መድኃኒቱን ስለማያስገባ ብቻ ይመስለዋል። በከፊል ልክ ነው፤ እንደ ጄንታማይሲንና ቶብራማይሲን ያሉት ዝልግልጉ ላይ ተጣብቀው ይዘገያሉ። ግን እሱ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ሞንታና ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 የሠሩት ሥራ ይሄን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ ባዮፊልም ላይ አምፒሲሊን ሲጨምሩበት መድኃኒቱ ወደ ውስጥ አልዘለቀም፤ ባክቴሪያው መድኃኒት የሚሰባብር ኢንዛይም ስላለው ከላይ ከላዩ አጠፋው። ይሄ አያስገርምም። ቀጥለው ኢንዛይሙ የሌለውን ዓይነት ወሰዱ። አሁን አምፒሲሊኑ እስከ ሥሩ ደረሰ። ባክቴሪያዎቹ ግን አሁንም አልሞቱም! ሲፕሮፍሎክሳሲንም ያለ ችግር ገባ፤ ውጤቱ ያው ሆነ።

ለምን ቢባል፣ ከሥር ያሉት ባክቴሪያዎች ምግብም ኦክስጅንም በደንብ አይደርሳቸውም። ስለዚህ ሥራ ያቆማሉ፤ አያድጉም፣ አይባዙም። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ ደግሞ የሚገድሉት ግድግዳውን እየሠራ ያለ፣ በማደግ ላይ ያለ ባክቴሪያን ነው። ሥራ ያቆመውን ምን ያደርጉታል? መድኃኒቱ ገብቷል፣ የሚመታው ነገር የለም። ክኒኑ ሲያልቅ ከላይ ያሉት ሞተው፣ ከሥር ያሉት ምግብ ሲደርሳቸው ይነቁና እንደገና ይባዛሉ። ታማሚው ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፤ እሰይ ዳንኩ ይላል፤ ከዚያ ይመለስበታል። ድሬሲንግ ክፍል የምንሰማው ታሪክ በሙሉ ይሄው ነው፤ «ስወስደው ይሻለኛል፣ ሳቆመው ይመለሳል»።

ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። ጆሴፍ ቢገር የሚባል የአየርላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1944፣ ፔኒሲሊን ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ስታፍ የሚባለውን ባክቴሪያ ፔኒሲሊን ውስጥ ከቶ አቆየው። ከሚሊዮን አንድ ያህሉ ሳይሞት ቀረ። ሐኪሙ እነዚያን ጥቂቶች ወስዶ አባዛቸውና እንደገና ፔኒሲሊን ሰጣቸው። ልጆቻቸው እንደ ሌላው ሁሉ ሞቱ። ማለትም መድኃኒቱን አልተላመዱትም ነበር፤ ተኝተው ነው ያመለጡት። የጀርም መላመድና የጀርም መተኛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጽሑፋችሁ ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ተጨፍልቀው ሳይ ነው የሚያመኝ፤ ምክንያቱም መፍትሔያቸው አንድ አይደለም። ለተላመደው ጀርም መድኃኒት ይቀየራል። ተለጥፎ ለተኛው ጀርም መድኃኒት ብትቀይሩ፣ ብትደራርቡ፣ ያው ነው።

ላብራቶሪውን በተመለከተም ሰው ይወዛገባል። ካልቸር ተሠርቶ «ይሠራል» የተባለ መድኃኒት ሳይሠራ ሲቀር ቤተሰቡ «ላብራቶሪው ተሳስቷል»፣ አንዳንዴም «ፎርጅድ መድኃኒት ነው» ይላል። ፎርጅድ መድኃኒት የለም አልልም። ግን ብዙ ጊዜ ላብራቶሪውም አልተሳሳተ፣ መድኃኒቱም ደህና ነው። ባለሙያዋ ከቁስሉ የመጣውን ናሙና አሳድጋ፣ ባክቴሪያውን ሰሃን ላይ በስሱ ቀብታ፣ መድኃኒት የያዙ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ታስቀምጥበታለች፤ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ሳይበቅል የቀረውን ክብ ለክታ ነው ውጤቱን የምትጽፈው። ያ ሰሃን ላይ ያለው ግን በደንብ የተመገበ፣ በፍጥነት እያደገ ያለ ባክቴሪያ ነው። እግር ሥር ለወራት ተለጥፎ የተኛው እሱ አይደለም። ውጤቱ ለደም ኢንፌክሽን፣ ለሳንባ ምች፣ ለመሳሰለው ትልቅ ነገር ነው፤ ለከረመ ቁስል ግን የሚመልሰው ግማሹን ጥያቄ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ከ300 ዓመት በፊት ሆላንዳዊው የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሊውንሁክ ካየው ነገር ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1680ዎቹ ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ነጭ ነገር በራሱ በሠራው ማይክሮስኮፕ አይቶ ሕይወት ያላቸው ትንንሽ ፍጥረታት አገኘ። ኮምጣጤ ሲያደርግበት ከውጭ ያሉት ብቻ ሞቱ፤ ከውስጥ ያሉት አልተነኩም። ጥርስ ላይ ያለው ያ ነገር ባዮፊልም ነው። እኛስ ጥርሳችንን በምን እናጸዳለን? በመፋቂያ፣ በብሩሽ፣ በመፈግፈግ። ጥርሱ ለቆሸሸ ሰው ማንም አንቲባዮቲክ አያዝለትም። የተለጠፈ ነገር መጀመሪያ ከቦታው መነሳት አለበት።

ቁስልም እንደዚያው ነው። ሐኪሙ ወይ የሠለጠነ ነርስ የሞተውን ሥጋና ሽፋኑን በምላጭና በመቆንጠጫ ሲያነሳ ብዙ ታማሚ ይደነግጣል፤ «ጭራሽ አሰፉብኝ!» ብለው ተቆጥተው የሚሄዱና የማይመለሱ አሉ። እውነት ነው፣ ቁስሉ ለጊዜው ሰፍቶ ይታያል፤ ይደማልም። ግን ባዮፊልሙ ተሰባብሯል ማለት ነው። የቀሩት ባክቴሪያዎች እንደገና ተደራጅተው እስኪጠነክሩ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይወስድባቸዋል፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት መድኃኒት በደንብ የሚያገኛቸው ጊዜ ነው። ስለዚህ ነው ቀጠሯችንን በቅርብ በቅርብ የምናደርገው። ከዴዶ ትራንስፖርት ከፍሎ፣ በክረምት ጭቃ እያነከሰ ለመጣ ሰው «ከነገ ወዲያ ተመለስ» ማለት ጭካኔ እንደሚመስል አውቃለሁ። ምክንያቱን ስለማንነግረው ነው ጭካኔ የሚመስለው። ሰው ምክንያቱን ካወቀ ይመጣል፤ ካልቻለም ቅርቡ ያለ ጤና ጣቢያ እንዲያጥብለት ወረቀት ይጻፍለታል።

ይሄን ስል ግን ማንም ቤቱ ምላጭ አንስቶ ቁስል እንዳይፍቅ። በተለይ ስኳር ያለበት ሰው እግር ላይ! የደም ዝውውሩ ሳይታይ የተነካ እግር እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ቤት ውስጥ የሚሠራው ሌላ ነው፤ ስኳርን መቆጣጠር፣ ቁስሉ ላይ አለመርገጥ፣ የረጠበ ፋሻ ይዞ አለመዋል፣ የታዘዘውን ቀጠሮ አለማሳለፍ። አንቲባዮቲክ ተዉ ማለቴም አይደለም። ቁስሉ ዙሪያ ቀልቶ እየሰፋ ከሄደ፣ እግር ካበጠ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ መድኃኒቱ ሕይወት ነው፤ በሰዓቱ፣ በልኩ፣ እስከ መጨረሻው።

አንድ ነገር ደግሞ ካላነሳሁ አልተኛም። ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ። ገጠሩም ከተማውም ያደርገዋል። አምፒሲሊኑ ወይ ቴትራሳይክሊኑ ይከፈትና እንደ ዱቄት ይበተናል፤ ከዚያ ከፈሳሹ ጋር ይቦካና ደርቆ ቅርፊት ይሠራል። እኔ ያንን ቅርፊት በሳላይን እያራስኩ ሳነሳ ነው የምውለው። ሥሩ መግል ነው። ዱቄቱ ከላይ ከላዩ ብዙ፣ ወደ ውስጥ ጥቂት ነው የሚደርሰው፤ ጥቂት መድኃኒት ደግሞ ከምንም መድኃኒት የባሰ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሞ የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ ለሱዶሞናስና ለኢ. ኮላይ፣ ለመግደል የማይበቃ ትንሽ ቶብራማይሲን ሲሰጣቸው፣ ባክቴሪያዎቹ ጭራሽ ብዙ ባዮፊልም መሥራት እንደጀመሩ አሳይቷል። መድኃኒቱ ቀሰቀሳቸው እንጂ አልገደላቸውም። በዚያ ላይ ባዮፊልም ውስጥ ባክቴሪያዎች ተጠጋግተው ስለሚኖሩ መድኃኒት የሚቋቋሙበትን ጂን አንዱ ለሌላው ማቀበል ይቀላቸዋል። የእናንተ ታሪክና የእኔ ታሪክ እዚህ ጋ ይገናኛሉ።

የሽንት ቱቦ ደግሞ ሌላው የልብ ቁስሌ ነው። ካቴተር የገባለት ሰው ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘት ዕድሉ በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል። ወር የሞላው ቱቦ ባክቴሪያ የሌለበት ማግኘት ዘበት ነው። ባክቴሪያው በቱቦው ውስጥና ውጭ ይለጠፋል፤ ፕሮቴየስ የሚባለው ዓይነት ከሆነማ ሽንቱን ለውጦ ማዕድን እንዲረጋ ያደርግና ቱቦውን ጥርቅም አድርጎ ይደፍነዋል። ፕሮስቴት ያለባቸው ስንት አባቶች ቱቦ ገብቶላቸው፣ ለቀዶ ሕክምና ወረፋ እየጠበቁ፣ ቤት ይከርማሉ። አንድ ጊዜ የመጡ አዛውንት ቱቦው መቼ እንደገባ እሳቸውም አያውቁ፣ ቤተሰብም አያውቅ፣ ካርዱም ላይ አልተጻፈ። ሽንታቸው ደፍርሶ፣ ሸትቶ፣ ክኒን በክኒን ላይ ሲወስዱ ነበር የከረሙት። ቱቦው ሲወጣ ጫፉ ላይ እንደ አሸዋ የሚሻክር ነገር ጋግሮበት ነበር። እዚያ ላይ ክኒን ምን ይሠራል? ቱቦው ተቀየረ፤ ከአዲሱ ቱቦ ሽንት ተወስዶ ተመረመረ፤ ከዚያ ነው መድኃኒት የታዘዘላቸው። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው መሆን ያለበት።

ባዕድ ነገር ሰውነት ውስጥ ሲኖር ባክቴሪያ ምን ያህል እንደሚቀለው የሚያሳይ የቆየ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1957 ኤሌክና ኮነን የተባሉ ሰዎች ፈቃደኛ ሰዎች ቆዳ ሥር ስታፍ ወጉ። መግል ለመፍጠር ሚሊዮኖች ባክቴሪያ አስፈለገ። የስፌት ክር ሲኖርበት ግን መቶ ያህሉ በቃ። አንዲት ክር ናት ይሄን ያመጣችው። እንግዲህ በባጃጅ አደጋ እግሩ ተሰብሮ ብረት የገባለትን ወጣት አስቡት። ብረቱ ላይ ስታፍ ከተለጠፈ፣ መከፈትና መታጠብ፣ አንዳንዴም ብረቱ መውጣት አለበት። ለዚህ ዓይነቱ ሪፋምፒሲን፣ ያው ለሳንባ ነቀርሳ የምናውቀው መድኃኒት፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተደምሮ ጥሩ እንደሚሠራ ታይቷል፤ የተኛውን ስታፍም ስለሚያገኘው። ብቻውን ከተሰጠ ግን ባክቴሪያው በቀናት ውስጥ ይላመደዋል፤ ስለዚህ ማንም ከነቀርሳ ታማሚ ዘመዱ እየተበደረ እንዳይውጥ።

ታይፎይድም ከዚህ ቤት አይርቅም። ታይፎይድ ከያዛቸው 100 ሰዎች ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት ድነውም ባክቴሪያውን ይዘው ይቀራሉ። ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ሐሞት ከረጢት ውስጥ ነው፤ የሐሞት ጠጠር ካለ ጠጠሩ ላይ ባዮፊልም ይሠራል። ሰውየው አያመውም፣ ለሌላው ግን ያስተላልፋል። ሆድ በቆረጠ፣ ራስ ባመመ ቁጥር «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ሲፕሮ ከመዋጥ፣ እጅ መታጠብና ምርመራውን በትክክል ማሠራት ይሻላል።

ጀሪካኑንም ላንሳ፤ ምክንያቱም በየቤታችን ያለ ባዮፊልም እሱ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁሉ ጀሪካን ተደርድሮ ይጠብቃል። ከውጭ ታጥቦ ቢጫው ያምራል። አንገቱን አልፎ ጣት ሲገባ ግን ግድግዳው ያሟልጫል። እዚያ ውስጥ ውሃ አጋር ቢጨመር ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ይገድላል፤ የተለጠፈው ግን ክሎሪኑን እየበላ ራሱን ያተርፋል፤ በማግሥቱ ውሃው ውስጥ ይለቀቃል። እናቶቻችን ትንንሽ ጠጠርና አሸዋ ከሳሙና ጋር ከተው፣ አፉን ዘግተው፣ አንጓጉተው የሚያጥቡት ልክ ነበር። መጀመሪያ ማንጓጓት፣ በደንብ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ክሎሪን። ፈግፍጎ ማጠብ የማይቻል፣ አፉ የጠበበና ያረጀ ጀሪካን ከሆነ ለመጠጥ ውሃ አለማድረግ ነው።

አዘጋጁ ሆይ፣ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በጤና ዓምዳችሁ ላይ አንድ ጊዜ የቀዶ ሐኪምና የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ አቅርባችሁ ይሄን ጉዳይ አስረዱልን። ጅማ ውስጥ ባለሙያ ሞልቷል፤ ዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎቹን ከግቢ አውጥቶ ማኅበረሰቡ መሐል በማስተማር የሚታወቅ ነው። ተማሪዎቹ ቀበሌ ሲወጡ ስለ ክኒን አወሳሰድ ብቻ ሳይሆን ስለ ቁስል አስተጣጠብ፣ ስለ ቱቦና ስለ ጀሪካን ቢያስተምሩ የእኛ ክፍል ወረፋ ይቀንሳል። የፋርማሲ ወንድም እህቶቼንም ልለምን፤ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ መሸጥ ክልክል መሆኑን እናንተው ታውቃላችሁ። ወር ያለፈው ቁስል ይዞ «ጠንከር ያለውን» ብሎ ለሚመጣ ሰው አራተኛ ዓይነት ክኒን ከመስጠት «ይሄ ቁስል መታየትና መታጠብ አለበት» ብላችሁ ብትልኩት ጀንፈሉንም እግሩንም ታተርፉለታላችሁ።

ለቤተሰብ ደግሞ ይሄን አስነብቡልኝ። ቤታችሁ የሽንት ቱቦ ያለበት ሰው ካለ የገባበትን ቀን ካርዱ ላይ አስጽፉ፤ ካልጻፉላችሁ ራሳችሁ ጻፉት። በየቀጠሮው «አሁንም ያስፈልጋቸዋል ወይ? መቼ ነው የሚቀየረው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ መሬት ግን አይንካ፤ ቱቦውን ከከረጢቱ እየነቀላችሁ አትሰኩ፤ ከመንካታችሁ በፊትና በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቁስል ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ባዶውን የክኒን ማሸጊያ ሁሉ፣ የጨረሱትንም ያልጨረሱትንም፣ ሳትጥሉ ይዛችሁ ኑ። ምን እንደተሞከረ ስናውቅ ነው ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ የምንወስነው።

አክባሪያችሁ
ነርስ አንባቢያችሁ፣ ከጅማ